ሠላሳኛው ዱላ

ፕዮ ኢንሆ ከሃንቾን ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው፤ በእነዚህ አራት ቀናት ከዓለም ያየው ነገር ቢኖር የገለባ ጫማውን ጫፍና ከፊቱ ጥቂት እርምጃ ቀድማ የምትሄደውን ሴት ተረከዝ ብቻ ነበር። የደፋው የሐዘንተኛ ባርኔጣ ከቀርከሃ የተጠለፈ፣ ስፋቱ እስከ ትከሻ የሚደርስ ነው። ወላጁን የቀበረ ሰው ሰማይ ቀና ብሎ ማየት አይገባውምና ባርኔጣው ፊቱን ሙሉ በሙሉ ይጋርደዋል። የንጉሥ ወታደርም ቢሆን ሐዘንተኛን አስቁሞ «ፊትህን አሳየኝ» ቢል ነውሩ የወታደሩ ነው። ፕዮም ይህን ልብስ የመረጠው ለዚሁ ነበር።

ችግሩ እናቱ አልሞቱም። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እቤት ተቀምጠው ምራታቸውን እየተቆጡ ነው። እናቱ በሕይወት እያለች የቃጫ ልብስ የሚለብስ ሰው ሞቷን በአፉ እንደጠራ ይቆጠራል። ስለዚህ ፕዮ በየመቶ እርምጃው በልቡ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» ይላል፤ ከዚያ ወደ ኋላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ደግሞ በብብቱ ሥር በጥጥ ጠቅልሎ ያሰረው ጠፍጣፋ የነሐስ ደወል እንዳይጮህ በክንዱ ይጫነዋል።

«ቀስ በይ እንጂ የኦክዳን እናት!» አለ መንገዱ ጭር ሲል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ንጉሡ እኛን አይጠብቁም፣ ጸሐፊ» አለች ሳትዞር። «እኩለ ቀን ላይ የጀልባውን ድልድይ ይሻገራሉ ያሉት እርስዎ አይደሉ?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው እግርዎን ያንሱ።»

ይህች ሴት በአራት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም። ፕዮ ግን ሁለት ጊዜ፣ ባርኔጣው ውስጥ ሆኖ፣ ማንም ሳያየው አልቅሷል።

ፕዮ ኢንሆ በሃንቾን ችሎት የወንጀል ክፍል ጸሐፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌሎች የተናገሩትን ሲጽፍ ኖሯል፤ እሱ ራሱ ምን እንደሚያስብ የጠየቀው ሰው የለም፤ አለመጠየቁም ደስታው ነበር። ባለፈው የመከር ወራት የመኳንንቱ የሺም ቤት አሽከር፣ ቶክቤ የሚባለው፣ በመስኖው ቦይ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሬሳ ሲመረመር ሥርዓት አለው። ሬሳ አጣቢው የቁስሉን ቦታና መልክ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጸሐፊው በሦስት ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ አንዱ ለችሎቱ፣ አንዱ ለአገረ ገዢው፣ አንዱ ለሟች ዘመድ ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ይደረጉና ማኅተሙ በጠርዛቸው ላይ ይመታል፤ ስለዚህ አንዱ ቢጭበረበር የማኅተሙ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር አይገጥምም።

የዚያን ቀን ሬሳ አጣቢው የጠራው ይህን ነበር፦ ከግራ ጆሮ ጀርባ ስብራት፤ ማዕዘን ባለው ድንጋይ የተመታ፤ በቁስሉ ውስጥ የጽሕፈት ቀለም። ፕዮም እንደተጠራው ጻፈ። የቀለም መበጥበጫ ድንጋይ ደግሞ በመኳንንት ጠረጴዛ ላይ እንጂ በገበሬ ቤት አይገኝም። የሺም ቤት ታናሽ ልጅ ሲሰክር እጁ ያገኘውን ሁሉ እንደሚወረውር በሃንቾን የማያውቅ አልነበረም።

ዳኛው ጉ ጁንግሱ ወረቀቱን አነበበ። እንደ ሺም ቤት ሁሉ እሱም በቤተ መንግሥት ሥልጣኑን የያዘው የነባሮቹ ወገን ነው፤ ሹመቱንም ያገኘው በእነሱ ነው። ወረቀቱን በቀስታ አጠፈውና «ጽሑፍህ ዛሬ አላማረኝም፣ ፕዮ» አለ። «ቀለም አፍስሰህበታል መሰለኝ። እንደገና ጻፈው።»

እንደገና ጻፈው። በሁለተኛው ጽሑፍ ቶክቤ ታንቆ ውሃ ውስጥ የተጣለ ሆነ፤ ያነቀውም የቦዩ ጠባቂ ቤክ ሱንዶል ነው ተባለ። ሱንዶል የጉዎን ቤት ጭሰኛ ነበር፤ የጉዎን ቤት ደግሞ የነባሮቹ ተቀናቃኝ የደቡቦቹ ወገን ነው። ሁለተኛውን ምርመራ የሚያደርገው የጎረቤት ወረዳ ዳኛ በሕጉ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ መመርመር ነበረበት። መጣ፤ እሱም ነባር ነውና ከጉ ጋር ምሳ በላ፤ ሬሳው ሸተተኝ ብሎ ከክፍሉ ሳይወጣ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ሱንዶል «ግደል ብሎ ያዘዘኝ ጌታዬ ጉዎን ነው» እንዲል ማድረግ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ በወረዳው የደቡቦቹ ቤት ይፈርሳል።

ሱንዶል አልልም አለ። ሕጉ በአንድ ምርመራ ከሠላሳ ዱላ በላይ አይፈቅድም፤ ከዚያም እስከ ሦስት ቀን እጅ አይነሣም። በዳኛው ጉ ግቢ ግን ምርመራው በየማለዳው ነበር። የዘበኞቹ አለቃ ማ ዶክቺል ይቆጥራል፤ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ ይልና ተመልሶ ሃያ ይላል። ሠላሳ የምትባለው ቁጥር በዚያ ግቢ ተሰምታ አታውቅም። ፕዮ ከጎን ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ «ሠላሳ ተመታ» ብሎ ይጽፋል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወረቀቶች አቃጥል ተብሎ ሁለቱን አቃጠለ። ሦስተኛውን፣ የሟች ዘመድ ድርሻ የሆነውን፣ ያስቀረው ከጀግንነት አይደለም። ፈርቶ ነው። አንድ ቀን ሌላ ዳኛ መጥቶ ቢጠይቀኝ፣ መጀመሪያ በትክክል ጽፌ እንደነበር ማሳያ ይሁነኝ ብሎ ነው። ከዚያ የሱንዶል ሚስት፣ የልጃቸው የኦክዳን እናት፣ ሬሳ አጣቢው ምን ብሎ እንደነገራት እንጃ፣ በሩ ላይ መጥታ ቁጭ አለች። አትጠይቅም፣ አትለምንም። ሦስት ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን የፕዮ እናት ከጓዳ ሆነው «ወይ ያችን ሴት አስገባት፣ ወይ እኔን አውጣኝ!» ብለው ጮኹ።

የተስማሙት እንዲህ ነበር። ንጉሡ በሁለተኛው ወር ወደ አባታቸው መቃብር ሲሄዱ፣ በመንገድ ዳር ደወል መትቶ አቤት ያለ ይሰማል። ግን ሁሉም ሰው አይደለም፤ ልጅ ስለ አባቱ፣ ሚስት ስለ ባሏ፣ ታናሽ ስለ ታላቁ፣ አሽከር ስለ ጌታው፣ ወይም ሰው በራሱ አካል ላይ ስለሚደርስ ቅጣት ብቻ ነው። እሷ ሚስት ነች፤ ትመታለች። ፕዮ መንገዱን ያሳያታል፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ወረቀቱን ከተሰፋበት ከልብሱ አንገትጌ ፈትቶ ይሰጣታል፤ ከዚያ በሕዝቡ መሀል ይሰወራል። ስሙ አይነሣም። አለቃውን የከሰሰ የበታች መቶ ተገርፎ ሦስት ሺህ ሊ፣ የወር መንገድ ያህል፣ ርቆ ይጋዛል፤ ይህን አንቀጽ ፕዮ በገዛ እጁ በስንት ሰው ወረቀት ላይ ጽፎታል።

ረፋዱ ላይ ከወንዙ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን የመንገደኛ ማረፊያ ደረሱ። ግቢው ሰልፉን ለማየት በሚጎርፍ ሰው ተጨናንቋል። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ተለይታ ጉድጓዱ ዳር ተቀመጠች፤ ከጥቅሏ ውስጥ ክዳን ያለውን የነሐስ ሳህን አወጣች። የባሏ ሳህን ነው። ባል ከቤት ርቆ ሲውል ሚስት በየማለዳው የእሱን ሩዝ በሳህኑ ሞልታ፣ ከድና፣ እንዳይቀዘቅዝ ጠቅልላ ታኖራለች፤ ያን ጊዜ እሱም ባለበት አይራብም። እሷ በየማደሪያው፣ ራሷ ሳትበላ፣ ሩዝ ገዝታ ይህን ሳህን ሞልታለች። ፕዮ መጀመሪያ አስቆት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ሳቁ ጠፍቶበታል።

እሱ በእንጨት ወለሉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቲቱ ሳትጠይቅ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል የበሬ ሾርባ ከፊቱ አስቀመጠችና ወደ ሌላው ሮጠች። ርቦታል። አራት ቀን ሙሉ የተብላላ ጎመንና ደረቅ ሩዝ ነው የበላ። እጁ ከሐሳቡ ቀደመ፤ ማንኪያውን አነሣ፤ ከባርኔጣው ሥር አስገብቶ ጎረሰ፤ ሥጋውን አላመጠ።

«ኧረ ጉድ!» አለች ባለቤቲቱ ስትመለስ። «ሐዘንተኛው ሥጋ በሉ! ኧረ ሰው አይቷል?»

ግቢው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ወላጁን የቀበረ ሰው ሦስት ዓመት ሥጋ በአፉ እንደማይዞር ሕፃን ያውቃል። ፕዮ ጉርሻውን ሊውጠውም ሊተፋውም አልቻለም።

«እንዲህ ያለውስ አላየሁም» አለ አንድ ድምፅ ከወለሉ ማዶ፣ እየሳቀ። «ሟቹ በጣም አልተወደዱም ነበር ማለት ነው።»

ፕዮ ያን ድምፅ በእንቅልፉም ያውቀዋል። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ የሚለው ድምፅ ነው። ማ ዶክቺል!  በባርኔጣው ጠርዝ ሥር የማ ያረጀ ጫማ ሲቀርብ፣ ሲቆም፣ ከዚያ የማ ጉልበት ሲታጠፍ አየ።

«እናት ነው ወይስ አባት?» አለ ማ፣ ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ።

«እ... እናት» አለ ፕዮ፣ ድምፁን አጎርንኖ።

«ያጽናዎት። መቼ?»

«በአሥረኛው ወር።»

«አይ። ከባድ ወር ነው።» ማ ዓይኑን ዝቅ አደረገ። የሚያየው የፕዮን እጅ ነበር፤ የጽሕፈት ብሩሽ ሠላሳ ዓመት ያደነደነውን የመሀል ጣት። «ጥሩ እጅ አለዎት» አለ በመጨረሻ። «የጸሐፊ እጅ።»

ፕዮ እጁን ወደ እጅጌው ሰበሰበ። ሞቱን የሚያስበው ሁልጊዜ በዱላ ነበር፤ በአንድ ማንኪያ ሾርባ ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ያን ጊዜ ከጉድጓዱ ዳር ነሐስ በነሐስ ላይ ጮኸ። የኦክዳን እናት ቆማ ነበር፤ የሳህኑን ክዳን በሳህኑ ላይ ባለ በሌለ ኃይሏ ትመታለች። «ኡኡ!» አለች። «ኡኡ፣ ፍርድ ጎደለ! ሃንቾን ዳኛ የለም! ኡኡ!» ከዚያ ጥቅሏን ታቅፋ በግቢው በር ወጣችና ከንጉሡ መንገድ ተቃራኒ በሆነው፣ በገብሱ ማሳ መሀል በምታልፈው ጠባብ መንገድ ሮጠች፤ እየመታች፣ እየጮኸች።

«እሷ ናት!» አሉ ከማ ጋር የመጡት ሁለት ዘበኞች። «ደወሉ! ደወሉን ይዛለች!»

ማ ዘሎ ተነሣ። ሰው ሁሉ ተነሣ። ፕዮ ብቻውን፣ ሥጋውን በጉንጩ እንደያዘ፣ ተቀምጦ ቀረ። ደወሉ በብብቱ ሥር ነበር። ወረቀቱ በአንገትጌው ውስጥ ነበር። እሷ የያዘችው ሳህን ብቻ ነበር፤ ይህንም ታውቃለች።

ሩቅ አልሄደችም። ፕዮ አላየም፤ ሰማ። ነሐሱ ሲንከባለል፣ ከዚያ ዝም ሲል ሰማ። ጥቂት ቆይቶ የማ ጫማ ተመልሶ መጣ፤ ብቻውን። አሁን ቁጢጥ አላለም። ጀርባውን ለባርኔጣው ሰጥቶ ወለሉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ የጫማውን ገመድ የሚያጠብቅ መስሎ።

«ደወል አይደለም የያዘችው» አለ ማ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ሳህን ነው። ደወሉ የት እንዳለ እኔ አልጠይቅም፣ ጋሼ።»

ፕዮ ደወሉን በክንዱ አጥብቆ ተጫነው።

«እናትዎን ከትናንት በስቲያ አይቻቸዋለሁ» አለ ማ። «በራቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጄ የት ሄደ ቢሏቸው መድኃኒት ሊያመጣልኝ ይላሉ። ይህን ልብስ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«ዶክቺል...»

«ዝም ይበሉ፤ አላየሁዎትም። እኔ የታዘዝኩት ሴት እንድይዝ ነው፤ ይዣለሁ። ልብሱን ያውልቁ፣ መድኃኒት ይግዙ፣ ይመለሱ። ማንም አያውቅም።»

«ሱንዶልስ?»

ማ የጫማውን ገመድ ሳበ። «ነገ ማለዳ ነው» አለ። «ጌታችን ‹ነገ ይለይለት› ብለዋል። ካልተናገረም... ይለይለት ነው ያሉት። ይህን መንገድ ለምኜ ነው የወሰድኩት፣ ጋሼ። የፖስታ ፈረስ ተቀብዬ እንደ እብድ ጋልቤ የመጣሁት ለምን ይመስልዎታል? ነገ ቆጣሪው እኔ እንዳልሆን ነው። ልጆች አሉኝ። ምን ላድርግ?» ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደና ደግሞ ቆመ። «ሥጋውን ይዋጡት» አለ። «ሰው እያየዎት ነው።»

ፕዮ ዋጠው።

ዘበኞቹ ሴትየዋን እጇን አስረው በደቡቡ መንገድ ይዘዋት ሲሄዱ፣ ከባርኔጣው ሥር ተረከዟን አየ። አራት ቀን የተከተለው ተረከዝ ነው። አንዴም ወደ እሱ አልዞረችም። እሱን ላለማጋለጥ ብላ እንደሆነ ገባው።

ፈሪ ነበር፤ ይህን ደግሞ ማንም ሳይነግረው ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ ተነሥቶ ወደ ደቡብ መሄድ ጀመረ። ማ የከፈተለት በር ሰፊ ነበር፤ እናቱ፣ መድኃኒቱ፣ የሞቀ ወለሉ፣ ሁሉም ከበሩ ወዲያ ይታዩታል። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ በማሳው ዳር እግሩ አንድ ነገር ነካ። ሳህኑ ነው። ተገልብጧል፤ ክዳኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ጭቃ ውስጥ ወድቋል፤ ሩዙ በሣሩ ላይ ተበትኗል።

ዞር ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። ግን የሰው ሩዝ መሬት ላይ ፈሶ ረግጦ ማለፍ አልቻለም። ተንበርክኮ ይሰበስበው ጀመር። ገና ትኩስ ነበር። ነገ ማለዳ ሱንዶል፣ አንገቱ በሳንቃ ተቆልፎ ሲያወጡት፣ ሚስቱ ሩዙን የት እንዳኖረችለት የሚያውቅ ሰው ቢኖር ፕዮ ብቻ ነው። ሁሉንም፣ የጨቀየውን እየለየ፣ ወደ ሳህኑ መለሰ፤ ክዳኑን በቃጫ ልብሱ ጠርጎ ከደነ። 

ከዚያ ወደ ሰሜን ዞረ።

በመንገድ ላይ የሠላሳ ዓመት የሕግ ትምህርቱን በጭንቅላቱ ውስጥ እያገላበጠ በረበረው። ሚስቱ አይደለሁም። ወንድሙ አይደለሁም። አሽከሩ አይደለሁም። አለቃዬን ልክሰስ ብል ከአፌ ሳይወጣ ይዘጉኛል፤ ወረቀቱን ወስደው ለዚያው ለጉ ይመልሱለታል፤ የነባር ወዳጅ በየቢሮው አለ። በሩ ሁሉ ዝግ ነው። የወንዙ ሽታ ሲደርሰው፣ የአንዱ በር ቁልፍ ትዝ አለው። በአንድ ጥድ ላይ ተደግፎ ቆመ።

ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው የተሠራው ድልድይ ከዳር እስከ ዳር ባንዲራ ለብሷል። ከበሮው መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ ሕዝቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ በግንባሩ ተደፍቷል። ቢጫ ባንዲራ አለፈ፣ ቀይ ባንዲራ አለፈ፣ ፈረሰኞች አለፉ። የንጉሡ ድንኳን-ሠረገላ ከድልድዩ ሲወርድ ፕዮ ባርኔጣውን አወለቀ። በአራት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማይ አየ፤ በጣም ሰፍቶ አስፈራው። ደወሉን ከብብቱ መዘዘ። መምቻው በሴትየዋ ጥቅል ውስጥ ነበር የቀረው። ስለዚህ በግራ እጁ ደወሉን አንጠልጥሎ፣ በቀኝ እጁ የሱንዶልን ሳህን፣ ሩዙ እንዳይፈስ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ አንዴ መታ። ሁለቴ መታ። ሦስተኛውን መምታቱን አያስታውስም፤ የጦር ዘንግ ከትከሻው መሀል አርፎ ሳህኑን እንዳቀፈ አፈሩ ውስጥ ተደፍቶ ነበር።

መንገድ ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ አንድ ሹም ተቀምጧል፤ ከጎኑ ወጣት ጸሐፊ ብሩሹን ነክሮ ይጠብቃል። ሹሙ ሰልችቶታል፤ ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ደወል ሰምቷል።

«ስለ ማን ነው የመታኸው?» አለ። «ስለ አባትህ?»

«አይደለም፣ ጌታዬ።»

«ስለ ወንድምህ? ስለ ጌታህ?»

«አይደለም።»

«እና ስለ ማን? አትንተባተብ!»

 «ስለ ራሴ» አለ ፕዮ።

«አንተን ማን በደለህ?»

«እኔን የበደለኝ የለም። እኔ ነኝ የበደልኩ።» አለና ቀጠለ። «በሃንቾን ችሎት የወንጀል ክፍል ጸሐፊ ፕዮ ኢንሆ እባላለሁ። የሬሳ ምርመራ ወረቀት በሐሰት ጽፌአለሁ። በሐሰት የጻፈ ጸሐፊ ቅጣቱ በአካሉ ላይ ነው። በራሴ አካል ላይ ስለሚደርስ ቅጣት መጥቻለሁ። እጄን ልስጥ ነው የመታሁት።»

ወጣቱ ጸሐፊ ሳቀ። ሹሙ ግን አልሳቀም። «ሰው ራሱን ለመክሰስ ደወል ይመታል?» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«የሚከለክል አንቀጽ የለም፣ ጌታዬ» አለ ፕዮ። «ፈልጌአለሁ።»

ሹሙ ለጥቂት ጊዜ አየው። ከዚያ በአገጩ አመለከተና ወጣቱ እጃቸውን የሚሰጡ ሰዎች የሚሞሉትን ቅጽ ከሣጥኑ አወጣ። ፕዮ ቅጹን በግልባጩም ቢሆን በቃሉ ያውቀዋል፤ በሕይወቱ ከሁለት መቶ በላይ ሞልቷል። ስም። አገር። የፈጸመው ጥፋት። ማስረጃ። አንገትጌውን በጥርሱ ቀደደና ወረቀቱን አወጣ፤ ሹሙ በጠርዙ ላይ ያለውን የማኅተም ግማሽ አየ፤ «የጽሕፈት ቀለም» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ተቀመጠ። መሰልቸቱ ከፊቱ ጠፋ።

ብሩሹ ወደ መጨረሻው ረድፍ ወረደ። ያ ረድፍ ባዶ የቀረበት ቅጽ ተቀባይነት የለውም፤ የትኛውም ቢሮ ይመልሰዋል። ፕዮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ረድፍ ለሌሎች ሲሞላ ኖሯል።

«ያዘዘህ?» አለ ወጣቱ።

 ፕዮ ባዶውን ረድፍ አየ። መቶ ግርፋት፣ ሦስት ሺህ ሊ፣ እናቱ በሩ ላይ። አለቃውን እየከሰሰ አይደለም፤ የተጠየቀውን እየመለሰ ነው። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው፤ ፍርሃቱ ግን አንድ ፍሬ አልቀነሰም።

«የሃንቾን ወረዳ ዳኛ፣ ጉ ጁንግሱ» አለ። «እያወቀ ያለ ሕግ የፈረደ ዳኛ መቶ ይገረፍ፣ እስከ ዕድሜ ልኩም አይሾም ይላል መጽሐፉ። እኔ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ሲፈጸም ግን አይቼ አላውቅም፣ ጌታዬ። ሰውየው ነገ ማለዳ ይሞታል። ሚስቱንም በደቡቡ መንገድ አስረው እየወሰዷት ነው።»

ሹሙ ሁለት መስመር ጽፎ አተመና ከድንኳኑ ውጪ ላለው ሰው ሰጠ። «ጉዳዩ ንጉሥ ዘንድ ነው» አለ። «በሃንቾን ማንም በማንም ላይ እጁን አያነሣም። ዳኛው የሹመት ባርኔጣው ወልቆ ይምጣ። ሴትየዋን መንገድ ላይ ስትደርስባት ፍታት።»

«እስከ ማለዳ ይደርሳል?» አለ ፕዮ።

«ፈረሰኛው ካልበላ ይደርሳል» አለ ሹሙ። ከዚያ በሥራው ድምፅ፣ «ደወል የመታ ሁሉ በመጀመሪያ ይገረፋል። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

ሳህኑን መሬት ላይ አኖረ፤ አግዳሚው ላይ አስተኙት። የጀልባው ድልድይ ያንኳኳል፤ ሰልፉ ገና እያለፈ ነበር። የመጀመሪያው ዱላ ሲያርፍ ጮኸ፤ በሁለተኛውም ጮኸ፤ ሳይጮህ የቀረው አልነበረም። በአሥራ አራተኛው ላይ የፖስታ ፈረስ ቃጭል ወደ ደቡብ ሲያቃጭል ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ቃጭሉን ብቻ እየተከተለ ቆየ፣ እስኪጠፋ ድረስ። ቆጣሪው የማያውቀው ሰው ነው፤ ድምፁ ቀርፋፋ፣ የማይቸኩል። ሃያ ስድስት አለ። ሃያ ሰባት። ፕዮ ዓይኑን ጨፈነ። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። አሁን ወደ ሃያ ይመለሳል ብሎ ሰውነቱን ሁሉ አጠነከረ፤ ሱንዶል በየማለዳው እንዲህ አጠንክሮ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

«ሠላሳ» አለ ቆጣሪው።

ዱላው መሬት ላይ ተቀመጠ። ማንም አልነካውም። ፕዮ ኢንሆ አግዳሚው ላይ እንደተደፋ፣ ቀጣዩን ሲጠብቅ ቆየ፤ አልመጣም። ከዚያ እጁን ወደ መሬት ዘርግቶ ሳህኑን ፈለገ። እዚያው ነበር፤ ክዳኑም አልተነሣም።